ሚኒስትሩ በርገር የገመጡበት ቀን፦ የመንግሥት ዋና የሳይንስ አማካሪ ሥራው ምንድን ነው?

ሜይ 1990። የእንግሊዝ የግብርና ሚኒስትር ጆን ጉመር በአንድ የጀልባ ትርኢት ላይ ካሜራ ፊት ቆመዋል። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) እጃቸው ላይ በርገር አለ። አጠገባቸው የአራት ዓመት ሴት ልጃቸው አለች። በርገሩን ወደ አፏ ያስጠጉላታል። ልጅቷ እምቢ ትላለች። አባት ራሳቸው ገመጡት፤ እንዴት እንደሚጣፍጥም ተናገሩ።

ያን ሰሞን አገሩ በእብድ ላም በሽታ ወሬ ተጨንቆ ነበር። ላሞች ይንቀጠቀጣሉ፣ እግራቸው ይከዳቸዋል፣ ይወድቃሉ። ሕዝቡ «ሥጋውን የበላን ሰዎችስ ምን እንሆናለን?» እያለ ይጠይቃል። የሚኒስትሩ መልስ ያ በርገር ነበር። ለገዛ ልጄ የማጎርሰውን እናንተ ምን ያስፈራችኋል ነው ነገሩ።

ስድስት ዓመት አለፈ። ማርች 20 ቀን 1996 የጤና ሚኒስትሩ ስቲቨን ዶሬል ፓርላማ ቀረቡ። አሥር ሰዎች በአዲስ ዓይነት የአንጎል በሽታ እንደተያዙ ተናገሩ። መነሻውም የታመሙት ላሞች ሳይሆኑ አይቀሩም አሉ።

መንግሥት ዋሽቶ ነበር? አልዋሸም። ጉዳዩን ለዓመታት የመረመረውና በዳኛው በሎርድ ፊሊፕስ የተመራው አጣሪ ቡድን በ2000 ባወጣው ሪፖርት ይህን በግልጽ ጽፏል። ባለሥልጣናቱ የተናገሩትን አምነውበት ነው የተናገሩት። ታዲያ ነገሩ የት ላይ ተበላሸ? እሱን ስንከተል የመንግሥት ዋና የሳይንስ አማካሪ የሚባለው ሰው ለምን እንዳስፈለገ ይገባናል።

በሽታው በላሞች ላይ የታወቀው በ1986 ነበር። ምክንያቱ መኖው ሆኖ ተገኘ። ከእርድ የተረፈው ሥጋና አጥንት ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ ተመልሶ ለላሞች ይሰጥ ነበር። ሣር እንድትበላ የተፈጠረች ላም የላም ሥጋ በላች ማለት ነው። በ1988 ይህ መኖ ተከለከለ። በዚያው ዓመት መንግሥት የኦክስፎርዱን የእንስሳት ሳይንስ ምሁር ሰር ሪቻርድ ሳውዝዉድን ጠርቶ «ይህ ነገር ሰውን ያሰጋል ወይ?» ሲል ጠየቀ።

ሳውዝዉድና ባልደረቦቻቸው በ1989 መለሱ። መልሳቸው ሁለት ክፍል ነበረው። በሽታው ወደ ሰው ይተላለፋል ብሎ ማሰብ ይከብዳል አሉ። ወዲያው ደግሞ ይህ ግምታችን ስህተት ከሆነ ግን መዘዙ እጅግ ከባድ ነው አሉ።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አገር ምድሩን ዞረ። ሚኒስትሮች ደጋገሙት፣ ጋዜጦች ጻፉት፣ ሥጋ ነጋዴዎች ተደሰቱበት። ሁለተኛው ወረቀቱ ላይ ቀረ። እኔን ከዚህ ሁሉ ታሪክ በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ሳይንቲስቶቹ እርግጠኛ እንዳልሆኑ ተናግረዋል። ይህን የሰማ ሕዝብ ግን አልነበረም። ከእነሱ አፍ ወጥቶ ሕዝብ ጆሮ እስኪደርስ «ምናልባት» የሚለው ቃል መንገድ ላይ ጠፋ።

ሌላም ችግር ነበር። ሕዝቡን ከበሽታ የሚጠብቀውና ገበሬው ከብቱን እንዲሸጥ የሚረዳው አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ያው የግብርና ሚኒስቴር። ሥጋው አደገኛ ሊሆን ይችላል ብሎ መናገር ገበያውን መግደል ነው። ዝም ማለት ደግሞ በሰው ሕይወት መፍረድ ነው። ሁለቱን ጉዳይ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ መሥሪያ ቤት ወደ የትኛው እንደሚያዘነብል መገመት አይከብድም። ከዚያ በኋላ እንግሊዝ የምግብን ደኅንነት የሚቆጣጠር ለብቻው የቆመ መሥሪያ ቤት ያቋቋመችው በዚህ የተነሳ ነው፤ በ2000።

በመጨረሻ ብሪታንያ ውስጥ 178 ሰዎች በዚህ በሽታ ሞቱ። ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። ከ4 ሚሊዮን በላይ ከብት ታረደ፤ ተቃጠለ። ጦሱ እኛም ጋ ደርሷል። ከ1980 እስከ 1996 ባለው ጊዜ ብሪታንያ ውስጥ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየ ሰው አሜሪካ ሄዶ ደም መስጠት አይፈቀድለትም ነበር። ለንደን ቆይቶ ዋሽንግተን የገባ ሐበሻ «ለወገኔ ደም ልስጥ» ብሎ ሄዶ የተመለሰው ለዚህ ነው። ክልከላው የተነሳው በ2022 ነው።

አሁን ወደ አማካሪው እንምጣ።

ቦታው በዚያ ጊዜም ነበር። የመጀመሪያው የብሪታንያ መንግሥት ዋና የሳይንስ አማካሪ ሶሊ ዙከርማን ነበሩ፤ ደቡብ አፍሪካ ተወልደው ያደጉ፣ በዝንጀሮ ጥናት የታወቁ ሰው። የተሾሙት በ1964 ነው። ነገር ግን አማካሪው የሚጠራበትና የሚናገርበት የታወቀ ሥርዓት አልነበረም። ሥርዓቱን የጻፉት በ1995 ቦታውን የያዙት ሮበርት ሜይ ናቸው። ሜይ አውስትራሊያዊ ናቸው። በፊዚክስ ሠልጥነው፣ ከዚያ ሒሳብን ለእንስሳትና ለዕፅዋት ጥናት ያዋሉ ሊቅ ናቸው። የእብድ ላሙ ጉዳይ ሲፈነዳ ወንበሩ ላይ ነበሩ። በ1997 ለሚኒስትሮች አንድ አጭር መመሪያ አወጡ።

መመሪያው የሚለው ሲጠቃለል እንዲህ ነው። ችግሩ ሳይፈነዳ አስቀድማችሁ አሽትቱት። የምትጠይቁት የምትወዱትን አንድ ባለሙያ ብቻ አይሁን፤ የማይስማሙትንም ጥሩ። እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን እርግጠኛ አይደለንም በሉ። የተሰጣችሁን ምክር አትደብቁት፤ ለሕዝብ አውጡት።

ሲነበብ ቀላል ነው። መንግሥት ውስጥ የሠራ ሰው ግን የመጨረሻው ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። ምክሩ ለሕዝብ ከወጣ ሚኒስትሩ ምክሩን ሳይከተል ሲቀር ሁሉም ያያል። ለምን እንዳልተከተለ ማስረዳት ሊኖርበት ነው።

ብዙ ሰው ዋና የሳይንስ አማካሪ ሲባል ሁሉን የሚያውቅ ሊቅ ይመስለዋል። አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። ከሜይ በኋላ ቦታውን የያዙትን እዩ። ዴቪድ ኪንግ የኬሚስትሪ ሰው ናቸው። ጆን ቤዲንግተን የዓሣ ሀብትን ያጠኑ ናቸው። ፓትሪክ ቫላንስ ሐኪም ናቸው። በ2023 የመጀመሪያዋ ሴት አማካሪ የሆኑት አንጄላ ማክሊን ደግሞ ሒሳብን ለተላላፊ በሽታ ጥናት ያዋሉ ናቸው። አንድ ሰው ስለ እሳተ ገሞራም፣ ስለ ቫይረስም፣ ስለ ኒውክሌርም ሊያውቅ አይችልም። አማካሪው ማወቅ ያለበት ለየትኛው ጥያቄ የማንን በር ማንኳኳት እንዳለበት ነው። በ2010 የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ የአውሮፓን ሰማይ ሲዘጋ ቤዲንግተን ስለ አመድ የሚያውቁትን ሰበሰቡ። እንዲህ ያለ ድንገተኛ ነገር ሲመጣ የሚጠራው የባለሙያዎች ስብስብ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ሴጅ ይባላል። ቋሚ አባል የለውም። ለጎርፍ ሌላ ሰው፣ ለወረርሽኝ ሌላ ሰው ይመጣል።

ባለሙያዎቹ ከተሰበሰቡ በኋላ የሚመጣው ሥራ ነው ከባዱ። የተባለውን ለማያውቅ ሰው፣ ሳይቀንሱ፣ ሳይጨምሩ፣ በአጭር ጊዜ መናገር።

በአማርኛችን እንየው። «ሊሆን ይችላል» እንላለን። «ሳይሆን አይቀርም» እንላለን። «መሆኑ አያጠራጥርም» እንላለን። ሦስቱ አንድ አይደሉም። ግን አሥር ሰው ሰብስባችሁ «ሳይሆን አይቀርም ማለት ከመቶ ስንት ነው?» ብትሉ አሥር መልስ ነው የምታገኙት። አንዱ ስልሳ ይላል፣ ሌላው ዘጠና አምስት። ሚኒስትሩም ከአሥሩ አንዱ ናቸው። ስለዚህ ጥሩ አማካሪ በቃል ብቻ አይተውም። የምናውቀው ይህ ነው፣ የምንገምተው ይህ ነው፣ የማናውቀው ይህ ነው ብሎ ይለያያል። ከተሳሳትን ምን እንደሚከተልም ይናገራል። የሳውዝዉድን ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ሚኒስትሩ ጆሮ ድረስ ተሸክሞ ማድረስ ነው ሥራው።

ለዚህ በጣም የምወደው ምሳሌ ፉኩሺማ ነው።

ማርች 11 ቀን 2011 ጃፓንን ርዕደ መሬትና ሱናሚ መታት። የፉኩሺማ የኒውክሌር ጣቢያ ማቀዝቀዣው ቆመ። ጣቢያው ውስጥ ፍንዳታ ተከታተለ። ቶኪዮ ከዚያ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ግን ፍርሃት ርቀት አይቆጥርም። አንዳንድ አገሮች ዜጎቻቸውን ከቶኪዮ ውጡ አሉ። የብሪታንያ ኤምባሲ ደግሞ ቤዲንግተንን ከለንደን በስልክ አገናኘ። ቶኪዮ ያሉ ብሪታንያውያን በመስመሩ ጥያቄያቸውን አቀረቡ።

ቤዲንግተን «አትጨነቁ፣ ደህና ናችሁ» አላሉም። በምትኩ ሊመጣ ከሚችለው ሁሉ የከፋውን ገለጹላቸው። የማብለያው እምብርት ቀልጦ ቢፈነዳ፣ ጨረር ያለው ቁስ ወደ አየር የሚወጣው 500 ሜትር ያህል ነው አሉ። ቼርኖቤል ላይ ግን እሳቱ ለቀናት ነዶ ቁሱን ወደ 9 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሰድዶት ነበር። እንደዚያም ሆኖ የከፋው ጉዳት 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር። ስለዚህ የከፋው ቢመጣ እንኳ ቶኪዮ ላለ ሰው ጤና አያሰጋም ብለው ነገሯቸው። የስልኩ ንግግር በጽሑፍ ተገልብጦ ለሁሉም ሰው ወጣ።

ልዩነቱን አስተውሉ። ሚኒስትር ጉመር ለሕዝቡ በርገር አሳዩ። ቤዲንግተን ሒሳቡን አሳዩ። ሰው ሒሳቡን ካየ ራሱ ያመዛዝናል። ነገሩ ቢለወጥ እንኳ የቱ ጋ እንደተለወጠ ያውቃል።

ታሪኩ እዚህ ላይ አያበቃም። የብሪታንያ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኋላ ቶኪዮና ከዚያ በስተሰሜን ላሉ ዜጎቹ «ለመውጣት አስቡበት» ብሏል። የጣቢያው ሁኔታ እየተለዋወጠ ነው፣ መብራት፣ መጓጓዣና ሸቀጥም ሊቋረጥ ይችላል በሚል ነው። ይህ የአማካሪውን ምክር መጣስ አይደለም። ጨረሩ ምን ያህል እንደሚደርስ መናገር የሳይንቲስቱ ድርሻ ነው። ሱቁ ባዶ ቢሆንስ፣ ባቡሩ ቢቆምስ የሚለውን ጨምሮ ማመዛዘን የመንግሥት ድርሻ ነው።

ይህ ድንበር የተምታታበት ጊዜ ኮቪድ ነው። በ2020 ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን በየምሽቱ በቴሌቪዥን ሲቀርቡ ግራና ቀኛቸው ፓትሪክ ቫላንስና ክሪስ ዊቲ ይቆሙ ነበር። ዊቲ የሕክምናው ዋና ኃላፊ ናቸው፤ ያ ሌላ ሹመት ነው። የመንግሥት መፈክር ደግሞ «ሳይንሱን እየተከተልን ነው» የሚል ነበር።

ጥሩ ይመስላል፣ አይደል? ግን ሳይንስ ትምህርት ቤት ዝጉ ወይም ክፈቱ አይልም። ብትዘጉ በሽታው በዚህ ያህል ይቀንሳል፣ ብትከፍቱ በዚህ ያህል ይጨምራል ነው የሚለው። የልጆችን ትምህርት፣ የእናትን ሥራ፣ የአያትን ሕይወት አመዛዝኖ የሚወስነው የተመረጠ ሰው ነው። «ሳይንሱን ተከተልን» ሲባል ነገሩ ከተበላሸ ሳይንቲስቱ ሊጠየቅ ነው። ቫላንስ ያን ጊዜ በግል ማስታወሻቸው ፖለቲከኞች ሳይንቲስቶችን እንደ ጋሻ እየተጠቀሙባቸው እንደሆነ ጽፈዋል። ማስታወሻው በኋላ የመንግሥትን የኮቪድ አያያዝ በመረመረው አጣሪ ቡድን ፊት ቀርቧል።

ኦገስት 2020 ላይ የሆነውንም ላንሳ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሪሺ ሱናክ ምግብ ቤቶችን ለማነቃቃት ከሰኞ እስከ ረቡዕ የሚበላ ሰው ሒሳቡ በግማሽ እንዲቀነስለት አደረጉ። ቅናሹ ለአንድ ሰው እስከ 10 ፓውንድ ነበር። ቫላንስ በኖቬምበር 2023 በኮቪድ አጣሪ ቡድን ፊት ሲጠየቁ ዕቅዱ ይፋ እስኪሆን እንዳልሰሙ፣ ሥርጭቱን እንደሚጨምርም ለማንም ግልጽ መሆን እንደነበረበት ተናገሩ። ሱናክ በበኩላቸው ዕቅዱ ከታወጀ በኋላ ሳይንቲስቶቹ ስጋታቸውን ለማንሳት በቂ ጊዜ ነበራቸው ብለዋል። ለእኔ የሱናክ መልስ አያጠግብም። ባለሙያ የሚጠየቀው ከመወሰን በፊት ነው።

በዚያው ዓመት የሴፕቴምበሩ ነገር ግን ሥርዓቱ ሲሠራ ያሳየናል። ሴጅ በሴፕቴምበር 21 አጭር የእንቅስቃሴ ገደብ መታሰብ አለበት ብሎ መከረ። መንግሥት አልተቀበለም። የስብሰባው ቃለ ጉባኤ በኦክቶበር ለሕዝብ ወጣ። ሁሉም አነበበው። እንግሊዝ ዳግም የተዘጋችው ኖቬምበር 5 ነው። «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይል የለ የእኛ ሰው? ክፋቱ እዚህ ላይ መከራው የሚመክረው እምቢ ያለውን ብቻ አለመሆኑ ነው። ቢያንስ ግን ማን ምን እንደመከረ፣ ማን ምን እንደወሰነ በቀን በቀኑ ተጽፎ ይገኛል። በእብድ ላሙ ጊዜ ይህ አልነበረም።

አማካሪው ደስ የማይል ነገር ሲናገርስ? አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1973 የሳይንስ አማካሪዎቻቸውን ጽሕፈት ቤት ዘጉት። ከአማካሪዎቹ አንዳንዶቹ ኒክሰን የሚወዱትን ከድምፅ የሚፈጥን የመንገደኛ አውሮፕላን ዕቅድ በአደባባይ ተቃውመው ነበር። ኮንግረስ ቢሮውን በ1976 በሕግ መልሶ አቋቋመው። እንግሊዝም ከዚህ አላመለጠችም። የአደንዛዥ ዕፅ አማካሪ ምክር ቤት ሰብሳቢ የነበሩት ፕሮፌሰር ዴቪድ ናት በ2009 አልኮልና ትምባሆ ከካናቢስ የበለጠ ይጎዳሉ በማለታቸው በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ተባረሩ። ከምክር ቤቱ ሌሎች አባላትም ለቀቁ። ከግርግሩ በኋላ በ2010 አንድ አጭር የስምምነት ሰነድ ወጣ። መንግሥት የአማካሪዎቹን የመናገር ነፃነት ያከብራል። አማካሪዎቹም የመጨረሻው ውሳኔ የሚኒስትሩ እንደሆነ ይቀበላሉ። ይህ ወረቀት ብቻውን ማንንም አያድንም፤ ግን ሰው ሲባረር ምን እንደተጣሰ መናገር ይቻላል።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ምክር እንዲሰጥ በሕግ ኃላፊነት ያለበት አካል የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ ነው። የተመሠረተው በ2010 ነው፤ በ2013 ደግሞ በአዋጅ ዕውቅና አገኘ። ቢሮው ጉለሌ፣ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መኖሪያ የነበረው ቤት ነው። ኅሩይ በዘመናቸው ጃፓን ድረስ ሄደው ያዩትን ጽፈው ያመጡ ሰው ነበሩ። አካዳሚ እና አንድ ዋና አማካሪ ግን ይለያያሉ። አካዳሚ ጊዜ ወስዶ ያጠናል፣ ሪፖርት ያወጣል። አማካሪው ሌሊት ስልክ ሲደወልለት ጠዋት መልስ ይዞ የሚመጣ ነው። ለአንድ አገር ሁለቱም ያስፈልጓታል ባይ ነኝ።

አማካሪው ምን እንደሚጠቅም ሳስብ ወደ ልቤ የሚመጡት የኒውዚላንድ ቤቶች ናቸው። ይህ ጉዳይ ወረርሽኝ የለበትም፣ ፍንዳታ የለበትም። የተራ ሰው ኪራይ ቤት ነው።

ኒውዚላንድ ውስጥ ሜታምፌታሚን የሚባለው ዕፅ በጣም ተስፋፍቶ ነበር። በ2010 የጤና ሚኒስቴር አንድ መመሪያ አወጣ። ዕፁ በድብቅ ሲመረትበት የነበረ ቤት ምን ያህል መጽዳት እንዳለበት የሚናገር ነበር። ግድግዳው ላይ ከዚህ መጠን በላይ ከተገኘ ቤቱ አልጸዳም ይላል። ቁጥሩ በጣም ትንሽ ነበር፤ ለማምረቻ ቤት ይሁን እንበል። ቀስ በቀስ ግን ቁጥሩ ዕፁ ሊጨስበት ይችላል ለተባለ ቤት ሁሉ መለኪያ ሆነ። የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ድርጅት ግድግዳ እያስመረመረ ሰዎችን ያስወጣ ጀመር። 800 ያህል ተከራዮች ቤታቸውን አጡ። አብዛኞቹ ሌላ መጠጊያ የሌላቸው ናቸው። መርማሪና አጽጂ ኩባንያዎችም እንደ አሸን ፈሉ።

የአገሪቱ የመጀመሪያው ዋና የሳይንስ አማካሪ ሰር ፒተር ግላክማን ናቸው፤ የሕፃናት ሐኪም፣ በ2009 የተሾሙ። በ2018 አዲሱ የቤቶች ሚኒስትር ፊል ትዋይፎርድ ጠሯቸውና ጠየቋቸው። ግላክማንና ባልደረቦቻቸው የዓለምን የሕክምና ጽሑፍ ፈተሹ። ዕፁ ተጨሶበት ግድግዳው ላይ በቀረ ቅሪት ምክንያት ሰው መታመሙን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። ማምረቻ እንደነበር ካልተጠረጠረ በቀር ቤት መመርመርም አያስፈልግም አሉ። መለኪያውም በሥራ ላይ ከነበረው አሥር እጥፍ ከፍ እንዲል መከሩ።

ሪፖርቱ ሜይ 2018 ወጣ። ድርጅቱ ይቅርታ ጠየቀ፣ ለተባረሩትም ካሳ መክፈል ጀመረ።

ግላክማን አዲስ ምርምር አልሠሩም። ላቦራቶሪም አልገቡም። ያነበቡት ማንም ሊያነበው ይችል የነበረ ጽሑፍ ነው። ከ2009 ጀምረው በወንበራቸው ላይ ነበሩ። መመሪያው ከወጣ ጀምሮ «ለመሆኑ ይህ መጠን ሰውን ይጎዳል?» ብሎ አማካሪውን የጠየቀ ሚኒስትር እስኪገኝ ስምንት ዓመት ፈጀ።